ሩዝ በዶሮ የማን ምግብ ነው?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የማካፍላችሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በማስተማር ዘመኔ ደጋግሜ የታዘብኩት ነገር አለ። ከገጠር መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች እሁድ ማታ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይገባሉ። ብዙዎቻችሁ በዚህ ያለፋችሁ ስለሆነ ታውቁታላችሁ። ታዲያ ስንቁ ሲፈታ የበቆሎ እንጀራ ወይም ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ከሆነ የሚስቅ አይጠፋም። የተሳቀበት ልጅ በሚቀጥለው ቀን ብቻውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። ይሄ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። በምግቡ ያፈረ ልጅ በእናቱም በአገሩም ማፈር ይጀምራል።

አዋቂዎቹም ብንሆን ከዚህ አናመልጥም። ባለፈው በበዓለ ሃምሳ አራት መምህራን ሆነን እዚሁ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አካባቢ ካለች አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። ሩዝ በዶሮ አዘዝን። የወር መጨረሻ ስለነበር ሁለት ሰሃን አዘን ለአራት ነው የተካፈልነው፤ የመምህር ኪስ መቼም የታወቀ ነው። ታዲያ አንዱ ጓደኛችን ማንኪያውን እንደያዘ "ጎጃሜ ሆነን፣ የጤፍ አገር ልጆች ሆነን፣ ሩዝ ለሩዝ እንባላ?" አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝና ነገሩ ሆዴ ገባ። እስቲ ያንን ሰሃን አንድ በአንድ እንመርምረው።

ከዶሮዋ እንጀምር። ዶሮ የእኛ ናት ብሎ የማይምል አበሻ የለም። ያለ ዶሮ ፋሲካ የለም። አንድ ዶሮ 12 ብልት ወጥቶላት፣ ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለእንግዳ ተለይቶ፣ ክንፍና አንገቱ ለልጆች ተርፎ ነው ያደግነው። ነገር ግን የዶሮ ዘር የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የጫካ ዶሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው እርግጠኛ የሆነው የመጀመሪያው የቤት ዶሮ አጥንት የተገኘው ታይላንድ ውስጥ ባን ኖን ዋት በሚባል ቦታ ነው፤ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አሁን ልብ በሉ! ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት የጫካዋን ዶሮ ወደ ሰው መንደር የሳባት የሩዝና የማሽላ መሰል እህሎች እርሻ ነው። ጥሬ ልትለቅም መጣች፣ በዚያው ቀረች። ስለዚህ ሩዝና ዶሮ በእኛ ሰሃን ላይ ከመገናኘታቸው በፊት ከ3,000 ዓመት በላይ የሚተዋወቁ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው።

ወደ አገራችንስ መቼ ገባች? ትግራይ ውስጥ መዝብር በተባለ፣ ከአክሱም በፊት የነበረ ሰፈራ በተደረገ ቁፋሮ የዶሮ አጥንት ተገኝቷል። ዕድሜው ወደ 2,800 ዓመት ይጠጋል። በአፍሪካ ከተገኙት እጅግ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በግእዝ "ዶርሆ" ተብላ፣ በአማርኛ "ዶሮ" ሆና አብራን ኖራለች። ከመኖሯም ብዛት መልኳ በየቀበሌው ተለያየ። ስለ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ አገርኛ ዶሮዎች የጻፉ ተመራማሪዎች ዓይነቶቹን የሰየሟቸው በአካባቢው ስም ነው፤ ጥሊሊ፣ ገሊላ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ሜጫ እያሉ። የእስያዋ እንግዳ የደብረ ኤልያስ ተወላጅ ሆናለች!

ወደ ሩዙ እንምጣ። ስሙ ራሱ ከዓረብኛ የመጣ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈውና ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የሚተርከው ፔሪፕለስ የተባለው መጽሐፍ ከሕንድ የሚነሱ መርከቦች ወደ ዛሬዋ ሶማሊያ ጠረፍ ሩዝ ያመጡ እንደነበር ይናገራል። ወደ እኛ ደጋ ወጥቶ በእርሻ ደረጃ የተስፋፋው ግን በቅርቡ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ፎገራ ሜዳ ላይ ከጅግናና ከሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሞከሩት። ርብና ጉማራ ክረምት ክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት ያ ሜዳ ከግጦሽ በቀር ለሌላ ብዙም የማይመች ነበር። ሩዝ ግን ውኃ ይወዳል። ገበሬው ዘንድ የታወቀው ዝርያ "ኤክስ ጅግና" መባሉ ከዚያችው ቀበሌ የተወረሰ ስም ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥትም "የሚሊኒየም ሰብል" አለው። ወረታ ላይ የቆመ ሰው ሩዝ የሚፈትጉትን ወፍጮዎች ብዛት አይቶ ይገረማል።

ሰሃኑ ላይ የቀረው ቀዩ ነገር ነው፤ በርበሬውና ቲማቲሙ። ቡሬና ጃቢ ጠህናን በበርበሬ የታወቁ ናቸው። በመኸር ወቅት በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው የተሰጣውን በርበሬ አይቶ፣ ማስነጠሱም አይቀርም። በርበሬ ግን እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት ከአሜሪካ ምድር ውጭ አይታወቅም ነበር። ቲማቲምም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናውቀው ቀይ ዶሮ ወጥ በዛጉዌ ነገሥታት ገበታ ላይ አልነበረም።

በልጆች የሚያስቀው የበቆሎ እንጀራስ? በቆሎም የመጣው ከአሜሪካ ነው። አያቶቻችን "የባሕር ማሽላ" ይሉት ነበር። ስሙ ታሪኩን ይዟል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ማለት ነው። ባሕር ዛፍም እንዲሁ። ዛሬ ከምዕራብ ጎጃም በቆሎን ቢያወጡበት ምን ይቀራል? ስንት ጎተራ ባዶ ይሆናል? ባሕር የሚለው ቃል ከስሙ ላይ ወደቀ፣ እህሉም የቤት ልጅ ሆነ።

ምግብ ቤት ገብቶ መብላቱም ራሱ እንግዳ ነበር። መንገደኛ ቆሎና ጭኮ ቋጥሮ፣ ወይም በእግዜር እንግዳነት አድሮ ነው የሚጓዘው። እህል በገንዘብ መግዛት ነውር ነበር። ከ100 ዓመት በፊት እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲከፍቱ ሰው ከፍሎ መብላት አፍሮ እንደነበር፣ አጼ ምኒልክም መኳንንቱን ይዘው ገብተው በልተው በመክፈል እንዳለማመዱ ይነገራል። ዛሬ ያ ነውር ቀርቶ በየመናኸሪያው ስንት እናት በዚያ ሥራ ልጅ ታስተምራለች!

እንግዲህ የእኛ የምንለው ምንድን ነው? እኔ የማምነው ይሄን ነው። የኮርያ ባለሙያ ዘሩን አመጣ እንጂ ሩዝ አቡክቶ እንጀራ አድርጎ መጋገርን አላስተማረም። ከጤፍ ጋር መጥኖ ማዋሃዱን፣ ጠላና አረቄ ማውጣቱን የፎገራ ሴቶች ናቸው ያወቁት። በርበሬን ከኮረሪማና ከጥቁር አዝሙድ ጋር አስታርቆ ድልህና አዋዜ ያደረገው የእናቶቻችን እጅ ነው። አንድን ምግብ የአገር የሚያደርገው ይሄ እጅ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ሁሉንም አሳምሬ ልንገራችሁ አልፈልግም። ዛሬ ብዙ ቤት ሩዝ የሚቀላቅለው ጣዕሙን ወዶ አይደለም፤ ጤፍ ከአቅም በላይ ስለሆነ ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሩዙም አይገኝም። የጤፍ አገር ገበሬ ጤፉን ሸጦ በቆሎ የሚበላበት ጊዜ መኖሩን እናውቃለን። ይሄ መነጋገሪያችን መሆን አለበት። ነውሩ ካለም እዚያ ላይ ነው ያለው፣ የልጁ አገልግል ውስጥ የለም።

አሁን መምህር የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አደራ! ክፍላችሁ ውስጥ በስንቁ የተሳቀበት ልጅ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ። የዕለቱን ትምህርት ከእሱ እንጀራ ጀምሩት። ከጅግና ተነስታችሁ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ትደርሳላችሁ። እናንተ ደግሞ ገና ተማሪ የሆናችሁ፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ "እማማ፣ ሩዝ እቤታችን መጀመሪያ የገባው መቼ ነው? ማን አመጣው? እንዴት ሠራችሁት?" በሏቸው። መልሱን በደብተር ጻፉት። ይህ በመማሪያ መጽሐፋችሁ ውስጥ የማታገኙት ታሪክ ነው፣ ባለቤቱም እናንተ ናችሁ።

ሰላም ዋሉ።