የጭቃ በሬና የሥዕል ደብተር፤ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ልጆች መጫወቻ በታሪክ ምስክርነት

የሸዋን ደጋ በሥዕል ደብተር ከመዘገቡት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ ነው። እርሱም በዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ጋር በ1841 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ) ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጥቶ የሣላቸውን ሥዕሎች በ1852 ለንደን ላይ አሳትሟል። የንጉሡ ቤት መሥራች ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ የተነሡ ስለ ሆነ፣ ሥዕሎቹ ለመንዝ ታሪክም ይጠቅማሉ። ይሁን እንጂ የሠዓሊው ዐይን በይበልጥ ያረፈው በተራራውና በቤተ መንግሥቱ ላይ ነው። እረኛው ልጅ በእጁ የሚሠራው ነገር የታሪክ ማስረጃ ተብሎ የሚቈጠርበት ዘመን ገና አልደረሰም ነበር።

መጫወቻን ከተገኘበት አገር ጋር እያያዙ የመሣል ሥራ በጃፓን በሰፊው ተሠርቶበታል። ሠዓሊው ሺሚዙ ሴይፉ የየአውራጃውን የሕዝብ መጫወቻ እየሰበሰበና እየሣለ «ኡናይ ኖ ቶሞ» የተባለውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል በ1891 አወጣ፤ በ1913 ከሞተም በኋላ ኒሺዛዋ ቴኪሆ ሥራውን ቀጥሎ ዐሥር ክፍል አደረሰው። ስለ አገራችንም ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የሐበሻን ጨዋታዎች የሚመለከት መጽሐፍ በ1935 ፓሪስ ላይ አሳትሟል። ነገር ግን ጨዋታንና መጫወቻን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ የጨዋታ ሕግ በቃል ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ፣ መጫወቻው ራሱ ብዙ ጊዜ ከክረምት ወደ ክረምት አይሻገርም።

የደጋው ልጅ መጫወቻውን በገዛ እጁ ሲሠራ የኖረ ነው። ጭቃው በሬና ቀንበር ይሆናል፤ የጨርቅ ቁራጭ አሻንጉሊት ይወጣዋል፤ ልጥ ወይም ቃጫ ተገምዶ ነሐሴ 13 ቀን ለሚውለው ቡሄ ጅራፍ ይሆናል፤ ጫፉ ቈልመም ያለ ቅርንጫፍ ለገና ይመረጣል፤ ገበጣም ሰሌዳ ሲታጣ መሬት ተቈፍሮ በጠጠር ይጫወቱበታል።

እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ሁለት ቁም ነገር ይመሰክራሉ። አንደኛ፣ የጭቃ በሬ የሚጠምድ ልጅ ቀንበር የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ሞፈርም ከቀንበር ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ዕርፍ ለመጨበጥ ጕልበቱ ሳይደርስ ይማራል። ሁለተኛ፣ መጫወቻው የሚሠራበት ነገር የመሬቱን ጠባይ ይከተላል። መንዝ የበግና የገብስ አገር ነው፤ በመርሐ ቤቴ ቆላ ግን ማሽላ ይበቅላል። ሱፍ የሚያገኝ ልጅና አገዳ የሚያገኝ ልጅ የሚሠሩት አንድ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የመጫወቻዎችን ስርጭት በካርታ ያሰፈረ ሰው የግብርናውንም ካርታ በከፊል ሠራ ማለት ነው።

ያልተተኰሰ የጭቃ በሬ ጕዞ ስለማይችል ለሙዚየም አይመችም። ፎቶግራፍም ያለቀለትን ዕቃ እንጂ አሠራሩን በቅደም ተከተል ለይቶ አያሳይም። እርሳስ የያዘ ተማሪ ግን ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ጭቃው በስንት እጥፍ በሬ እንደ ሆነ ደረጃ በደረጃ ሊሥል ይችላል። ከሥዕሉም ግርጌ ቀበሌው፣ ወሩ፣ የልጁ ዕድሜ፣ የዕቃው ስም በአካባቢው አነጋገርና ሥራውን ያስተማረው ሰው መጻፍ አለበት። የፕላስቲክ መጫወቻ ገጠሩን ገበያ ሲሞላው ይህ ሥራ ነገ ይደረጋል የሚባል አይደለም። የነገሥታቱን ታሪክ ጸሐፊዎቻቸው አቈይተውልናል፤ የእረኛውን ልጅ ታሪክ ግን እኛ ካልሣልነው የሚያቈየው የለም።