ስለ ቤተ ክርስቲያን ምክርና ስለ ደብረ ምጥማቅ ጉባኤ

ካህናትና ሽማግሌዎች በአጥቢያቸው ለምክር በተቀመጡ ጊዜ የሚቀርብላቸው ነገር አብዛኛው ሥጋዊ ጉዳይ ነው፤ የጧፍና የዕጣን፥ የዘቢብና የመጎናጸፊያ ወጪ፥ የሚያፈስ ጣራ፥ የአገልጋዮች ደመወዝ፥ የቤት ኪራይ ገንዘብ። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ከታወጀ ወዲህ ይህ ምክር ሰበካ ጉባኤ ተብሎ ካህናትም ምእመናንም ወጣቶችም በአንድነት የሚቀመጡበት ሆኗል። ጉዳዩ ሥጋዊ ነው ተብሎ ግን ምክሩ ሁሉ ሥጋዊ ሊሆን አይገባውም። በጸሎት የተከፈተ ጉባኤ በቍጣ የተዘጋበት ጊዜ እንዳለ የማያውቅ የለም፤ ከአንድ ጽዋ የሚቆርቡ ሰዎች ስለ ቆርቆሮ ክዳን ተከራክረው ሳይሰነባበቱ ወደየቤታቸው የሄዱበትም አለ። ስለዚህ የቀደሙት አባቶች በምክር ጊዜ ያደረጉትን መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

በቤተ ክርስቲያን ስለ አስተዳደር መጀመሪያ የተደረገው ጉባኤ ነገሩ የማዕድ ነገር ነበረ። በኢየሩሳሌም የጽርዕ ቋንቋ የሚናገሩት ምእመናን በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ መበለቶቻቸው ስለ ተዘነጉባቸው አንጐራጐሩ። ሐዋርያትም ነገሩን ንቀው አላለፉትም፤ ራሳቸውም የማዕድ ሹሞች አልሆኑም። ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች እንዲመርጡ አደረጉ፤ እነርሱ ግን ለጸሎትና ለቃሉ አገልግሎት ቀሩ። በዚህ ታሪክ ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ፤ እስጢፋኖስ ቢሉ፥ ፊልጶስ ቢሉ፥ ጵሮኮሮስ ቢሉ፥ የሰባቱም ስም የጽርዕ ስም ነው፤ ኒቆላዎስም የአንጾኪያ ሰው ነበረ። በዚያ ዘመን የጽርዕ ስም ያለው ሁሉ ጽርዓዊ ነው ማለት ባይቻልም፥ ሕዝቡ የማዕዱን ሥራ ያጐረመረመው ወገን እንዲይዘው እንደ ፈቀደ ያስገምታል። ሐዋርያትም እንጀራ ለማደል በተመረጡት ላይ ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። የመበለት ቍራሽ ጸሎትና አንብሮተ እድ የሚያስፈልገው ሥራ ሆኖ ተቈጠረ ማለት ነው።

በአገራችን ታሪክ ደግሞ ምክር እንዴት እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚቃና አብሮ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሰንበት ክርክር ነው።

በ14ኛው መቶ ዓመት በሰራዬ አገር ያስተማሩት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ እሑድን ብቻ ሳይሆን ቀዳሚት ሰንበትንም ማክበር ይገባል ብለው ጸኑ። ከእስክንድርያ የሚመጡት ጳጳሳትና ብዙዎቹ የአገሩ ካህናት ግን ይህን እንደ አይሁድ ልማድ ቈጠሩት። ኤዎስጣቴዎስም አገራቸውን ትተው ወደ ግብጽ፥ ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ ቆጵሮስም ሄዱ፤ በ1352 በአርመን አገር ዐረፉ። ልጆቻቸው መነኰሳት ግን በአገር ውስጥ ቀርተው ገዳማትን አስፋፉ፤ ከእነርሱም የታወቀው የአቡነ ፊልጶስ ገዳም ደብረ ቢዘን ነው። ከጳጳሱ እጅ ክህነት ተከለከሉ፤ እነርሱም በበኩላቸው ከሚያወግዛቸው እጅ ለመቀበል አልፈለጉም። አንዲት ሃይማኖት እየታመነች፥ አንድ ቅዳሴ እየተቀደሰ፥ መሠዊያው ግን ለሁለት ተከፈለ። ጉዳቱን ለማወቅ ክህነት የሌለው ገዳም ምን ማለት እንደ ሆነ ማሰብ ይበቃል፤ የሚቀድስ ካህን ሲሞት የሚተካው ከየት ይመጣል?

በ1400 ዐፄ ዳዊት አባ ፊልጶስንና ባልንጀሮቻቸውን ወደ ከተማ አስጠሩ። ጳጳሱ አቡነ በርተሎሜዎስ ባሉበት ጉባኤ ተደረገ። መነኰሳቱ ቀዳሚትን እንዲተዉ ተጠየቁ፤ አንተውም አሉ፤ ታሰሩም። በስም ጉባኤ ይባል እንጂ ነገሩ ፍርድ እንጂ ምክር አልነበረም፤ የቀረበው ጥያቄ ትታዘዛላችሁ ወይስ አትታዘዙም የሚል ብቻ ነበረና። መልሱ አስቀድሞ በተቈረጠበት ጉባኤ የሚሰማ ነገር የለም። ስለዚህም እስራቱ ማንንም አላሳመነም። እንዲያውም በ1404 ንጉሡ ራሳቸው ፈቷቸው፤ ሰንበታቸውንም በገዳማቸው እንዲጠብቁ ፈቀዱላቸው። ይህ ምሕረት ነው፤ ዕርቅ ግን አይደለም፤ መሠዊያው እንደ ተከፈለ ቀረና።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 ነገሡ። በ1436 በአክሱም ሥርዓተ መንግሥታቸውን ፈጸሙ፤ በዚያም ወገን የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ብርቱዎች ነበሩ። በ1438 አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል የሚባሉ ሁለት ጳጳሳት ከግብጽ መጡ። ንጉሡ ለቀዳሚት ሰንበት ያደሉ ነበሩ፤ ሥልጣንም ነበራቸው፤ ነገር ግን ጳጳሳቱ በመጡ ማግስት አዋጅ ነግረው ነገሩን አልጨረሱትም። ጳጳሳቱ ከመጡ 12 ዓመት ያህል አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መንግሥትን የሚያስታርቅ ፖለቲካም እንደ ነበረበት አይካድም፤ የሰሜን ገዳማት ከጳጳሱና ከንጉሡ ተለይተው ቢኖሩ ለአገር አንድነት አይበጅም ነበርና። ሆኖም መታገሥ የሚችል ባለሥልጣን ብዙ አይገኝም።

በ1450 በሸዋ በተጕለት አውራጃ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሆነ። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ንጉሡ የሠሯት በግብጽ የነበረችው የእመቤታችን ደብረ ምጥማቅ መፍረሷን ሰምተው ለመታሰቢያዋ ነው፤ በዓሏም ግንቦት 21 ቀን ይከበራል። በዚያ የተደረገው ነገር ከ1400ው ጉባኤ የተለየ ነበረ። ጳጳሳቱ ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ እንድትከበር ተስማሙ፤ ይህንንም በገዛ እጃቸው ጽፈው አጸኑት። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ደግሞ ከጳጳሳቱ እጅ ክህነትን ለመቀበል እሺ አሉ፤ በዚህም የማርቆስን መንበር አባትነት ተቀበሉ። አንባቢ ያስተውል፤ ከሁለቱ ወገን ሁሉን ይዞ የተመለሰ የለም። ጳጳሱ የመንበሩን ልማድ ተወ፤ መነኵሴው የመቶ ዓመት ቂሙን ተወ። በ1400 የተጠየቀው ማን ይሸነፍ የሚል ነበረ፤ በ1450 ግን እነዚህ ሰዎች በአንድ መሠዊያ እንዲቆሙ ምን ይደረግ የሚል ሆነ። ጥያቄው በተለወጠ ጊዜ የጉባኤው መንፈስ አብሮ ተለወጠ።

ይህን ታሪክ ከነገሩን አንዱ የንጉሡ መጽሐፈ ብርሃን ስለ ሆነ፥ የምንሰማው የወደዱትን ያገኙት ሰው ድምፅ መሆኑን መርሳት አይገባም። ደግሞም በደብረ ምጥማቅ የታገሡት ንጉሥ በሌላው ነገር አልታገሡም። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኰሳት ለንጉሥ አንሰግድም አሉ፤ የንጉሡ ወገን ለመስቀልና ለእመቤታችንም አይሰግዱም ብሎ ከሰሳቸው፤ እነርሱ ግን ይህን ክስ አልተቀበሉም። ከደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጥቂት ዓመት በኋላ ከእነርሱ አፍንጫቸውና ምላሳቸው የተቈረጠ፥ በድንጋይም የተወገሩ ነበሩ። አንድ ንጉሥ፥ አንድ ዘመን፥ ያው የቤተ ክርስቲያን ነገር፤ በአንዱ ምክር፥ በሌላው ድንጋይ። ልዩነቱ ከየት መጣ ቢባል፥ የሰንበት ነገር የንጉሡን ክብር አልነካም ነበር፤ የስግደት ነገር ግን ነካው። የራሱ ክብር በጉባኤ መካከል የተቀመጠበት ሰው ዳኝነቱ እንደሚዛባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ይህም በነገሥታት ብቻ የሚሆን አይደለም። ደቂቀ እስጢፋኖስም አልጠፉም፤ ገዳማቸው ጕንዳ ጕንዴ በኋላ ዘመን በብራና መጻሕፍቱ ሀብት የታወቀ ሆነ።

የደብረ ምጥማቅ ውሳኔ ግን ያለ ሰይፍ ጸና። ከጉባኤው በኋላ የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ከጳጳሳቱ እጅ ዲቁናና ቅስና ተቀበሉ፤ የተለየው መሠዊያ አንድ ሆነ። ቀዳሚትም ከእሑድ ጋራ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተከብራ ቀረች። ዛሬም በዐቢይ ጾም ምእመናን ከሥጋና ከወተት ተከልክለው ሳለ በቅዳሜ ቀን እህል ውኃ ሳይቀምሱ አይውሉም፤ ከዓመቱ ቅዳሜዎች በዚህ የተለየችው ጌታችን በመቃብር ያደረባት ቅዳሜ ስዑር ብቻ ናት።