ከግራ መስመር የመጡ ግቦች፦ ክሊፍ ባስቲን እና የ1930ዎቹ አርሰናል

በእንግሊዝ እግር ኳስ የመጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት የግራ መስመር ተጫዋች ሥራ ጠባብና አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ የሜዳውን ጠርዝ ተከትሎ ኳስ እየገፋ እስከ ተጋጣሚው የማዕዘን ባንዲራ መድረስና ከዚያ መሐል ላይ ለሚጠብቁት አጥቂዎች ማሻማት እንጂ ግብ ማስቆጠር በዋናነት ከእርሱ አይጠበቅም ነበር። ይህን ልማድ ከሰበሩት ተጫዋቾች መካከል ከ1929 እስከ 1947 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአርሰናልን ማልያ የለበሰው ክሊፍ ባስቲን ቀዳሚውን ስፍራ ሊይዝ ይገባዋል። በአብዛኛው ከግራ ጠርዝ እየተነሣ ለክለቡ 178 ግቦችን ያስቆጠረ ሲሆን፣ ቁጥሩም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የክለቡ ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል። የዛሬ ተመልካች ከመስመር ወደ ውስጥ እየሰበረ ግብ የሚያስቆጥርን ተጫዋች የቅርብ ጊዜ አሰልጣኞች ፈጠራ አድርጎ መቁጠር ይቀናዋል፤ ነገር ግን ይህ የአጨዋወት ስልት ከዘጠና ዓመት በፊት በሰሜን ለንደን በምልዓት ይታይ የነበረ ከመሆኑም በላይ፣ የተወለደው ከአንድ ሰው የእግር ተሰጥኦ ብቻ ሳይሆን ከሕግ ለውጥ፣ ከአንድ አሰልጣኝ አስተሳሰብና ከአንድ ጥንድ ተጫዋቾች መግባባት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕጉ ነው። ከጨዋታ ውጪ የሚባለው ደንብ፣ ማለትም ኳስ ወደ ፊት በሚላክበት ቅጽበት በአጥቂውና በተጋጣሚው የግብ መስመር መካከል ስንት የተጋጣሚ ተጫዋቾች ሊኖሩ እንደሚገባ የሚወስነው ደንብ፣ እስከ 1925 ድረስ ሦስት ተጫዋቾችን ይጠይቅ ነበር። በዚህ ምክንያት አንድ ብልህ ተከላካይ በተገቢው ሰዓት ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት በመውጣት ብቻ የተጋጣሚውን አጥቂዎች በሙሉ ከጨዋታ ውጪ ሊያደርጋቸው ይችል ነበር፤ የኒውካስል ዩናይትዱ ቢል ማክራከን ይህን ወጥመድ እጅግ ከማርቀቁ የተነሣ ስሙ ከስልቱ ጋር ተያይዞ ቀርቷል። በ1925 ክረምት ቁጥሩ ከሦስት ወደ ሁለት ሲወርድ ውጤቱ ወዲያውኑ ታየ፤ ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን በሊጉ ዲቪዚዮኖች ሁሉ 4,700 ግቦች የተቆጠሩ ሲሆን፣ ደንቡ በተለወጠበት ዓመት ግን ቁጥሩ ወደ 6,373 ከፍ አለ።

በዚያው ክረምት ኸርበርት ቻፕማን አርሰናልን ለማሠልጠን ወደ ሃይበሪ ስታዲየም መጣ። ሃደርስፊልድ ታውንን በተከታታይ ሁለት ዓመት የሊግ ሻምፒዮን አድርጎ የመጣው ይህ ሰው፣ በኦክቶበር ወር ቡድኑ በኒውካስል 7 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ በአጥቂው ቻርሊ ቡካን ጉትጎታ የቡድኑን አሰላለፍ ከሥሩ መለወጥ ጀመረ። በቀድሞው አሰላለፍ ሁለት ተከላካዮች፣ ሦስት አማካዮችና አምስት አጥቂዎች ይሰለፉ የነበረ ሲሆን፣ በአዲሱ ግን መካከለኛው አማካይ ወደ ኋላ ተስቦ ሦስተኛ ተከላካይ ሆነ፤ በሁለቱም ወገን ያሉት የውስጥ አጥቂዎች፣ ማለትም በመሐል አጥቂውና በመስመር ተጫዋቾቹ መካከል የሚሰለፉት ሁለቱ፣ ወደ መሐል ሜዳ ወርደው ኳስ አቀባዮች ሆኑ። ከላይ ሲታይ ቅርጹ ሁለቱን የላቲን ፊደላት ደብልዩንና ኤምን ስለሚመስል በእነርሱ ስም ሲጠራ ኖሯል።

የዚህ አሰላለፍ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ ትኩረቱ በሦስተኛው ተከላካይ ላይ ይወድቃል፤ ይሁን እንጂ ለውጡ ያስከተለው ትልቁ ጥያቄ በሌላኛው የሜዳ ጫፍ ነበር። ከአምስት አጥቂዎች ሁለቱ ወደ ኋላ ሲመለሱና መካከለኛው አማካይም ማጥቃቱን ሲተው፣ ቀድሞ በአምስት ሰዎች ይከፋፈል የነበረው ግብ የማስቆጠር ኃላፊነት በሦስት ሰዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ከእነዚህ ሦስቱ ሁለቱ ደግሞ የመስመር ተጫዋቾች ናቸው። ስለዚህ ቻፕማን የሚፈልገው የግራ መስመር ተጫዋች እያሻማ ለሌላው የሚያመቻች ብቻ ሳይሆን ራሱ እንደ አጥቂ የሚያስብ ሰው መሆን ነበረበት።

ያንን ሰው ያገኘው ሌላ ተጫዋች ሊመለከት በሄደበት ሜዳ ነው። በ1912 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው የኤክሰተር ከተማ የተወለደው ባስቲን፣ ገና በ16 ዓመቱ ለከተማው ክለብ ኤክሰተር ሲቲ በሦስተኛው ዲቪዚዮን መሰለፍ ጀምሮ ነበር፤ ክለቡ ከዋትፎርድ ጋር ሲጫወት ከዋትፎርድ ወገን ቶሚ ባርኔት የተባለውን ተጫዋች ለማየት የመጣው ቻፕማን ዐይኑ በተጋጣሚው ታዳጊ ላይ አረፈ። ለኤክሰተር የተሰለፈው በ17 ጨዋታዎች ብቻ የነበረ ቢሆንም በ1929 በ2,000 ፓውንድ ወደ ለንደን ተዛወረ። በዚያው ክረምት የውስጥ አጥቂው አሌክስ ጀምስ ከፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ በ8,750 ፓውንድ መጥቶ ስለነበር፣ ቻፕማን ለዓመታት የሚዘልቀውን የግራ ወገን ጥንድ ያገኘው በአንድ የዝውውር ወቅት ነው ማለት ይቻላል።

ባስቲን በኤክሰተር የለመደው ቦታ የውስጥ አጥቂነት ነበር፤ ወደ መስመር ያወጣው ቻፕማን ነው፤ በዚህ ውሳኔ ውስጥም የአሰልጣኙ ሐሳብ ከየትኛውም ንግግሩ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ይታያል። የውስጥ አጥቂን ልማድ፣ ማለትም ወደ ግብ ማየትን፣ ክፍተት መፈለግንና በተጨናነቀ ስፍራ ተረጋግቶ መምታትን፣ ወደ ጠርዝ ወስዶ ተከለው። በአዲሱ አሰላለፍ ጀምስ ከመሐል ሜዳ ዝቅ ብሎ ከተከላካዮቹ፣ በተለይም ከግራ ተከላካዩ ኤዲ ሃፕጉድ፣ ኳስ ይቀበልና ተጋጣሚዎቹን ወደ ራሱ ይስባል፤ ከዚያም ወይ በቀኝ መስመር ለሚፈተለከው ፈጣኑ ጆ ሂዩም ረጅም ኳስ ይልካል፣ ወይም በተጋጣሚው ቀኝ ተከላካይና በመሐል ተከላካዩ መካከል ባለው ቀዳዳ ኳሱን ያሾልካል። ባስቲን ከመስመሩ ጥቂት ገባ ብሎ ስለሚቆም የተጋጣሚው ቀኝ ተከላካይ ሁለት መጥፎ ምርጫዎች ብቻ ይቀሩት ነበር፤ ተጠግቶ ቢይዘው ኳሱ ከጀርባው ያልፋል፣ ርቆ ቢጠብቀው ደግሞ ባስቲን ኳሱን ተቆጣጥሮ ወደ ግብ ለመዞር ጊዜ ያገኛል። የዘመኑ ሰዎች በዚህ ወጣት ላይ ከፍጥነቱ ይልቅ ያደነቁት ግብ ጠባቂ ፊት ሲደርስ የማይናወጥ እርጋታውን ነው፤ ፍጹም ቅጣት ምቶችን የመምታት ኃላፊነትም በዚሁ እርጋታው ምክንያት የተሰጠው መሆን አለበት።

የጥንዱ መግባባት በአደባባይ የታየው በ1930 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ በዌምብሊ ነው። አርሰናል የቻፕማንን የቀድሞ ክለብ ሃደርስፊልድን ሲገጥም፣ ጀምስ የተሰጠውን ቅጣት ምት ተጋጣሚዎቹ ሳይዘጋጁ በፍጥነት ለባስቲን አቀበለው፤ ባስቲንም ተከላካዩን ወደ ራሱ ስቦ መልሶ ሲሰጠው ጀምስ የመጀመሪያውን ግብ አስቆጠረ፤ በኋላ ጃክ ላምበርት ሁለተኛውን ጨምሮ አርሰናል 2 ለ 0 በማሸነፍ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫውን አነሣ። ባስቲን በዚያ ቀን 18 ዓመት ከጥቂት ሳምንታት የሞላው ወጣት ነበር፤ ‹‹ልጁ ባስቲን›› የሚለው ቅጽልም ጎልማሳ ከሆነ በኋላ እንኳ አልለቀቀውም።

በቀጣዩ ዓመት አርሰናል 127 ግቦችን አስቆጥሮ ከደቡብ እንግሊዝ የሊጉን ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ፤ በ1933፣ በ1934፣ በ1935 እና በ1938ም ዋንጫውን ደገመ፤ በ1936 ደግሞ ሁለተኛውን የኤፍኤ ካፕ ጨመረ። ባስቲን በእነዚህ ድሎች ሁሉ ድርሻ ነበረው፤ ከሁሉም የሚልቀው ግን የ1932-33 የውድድር ዘመን ነው። በዚያ ዓመት በ42ቱም የሊግ ጨዋታዎች ተሰልፎ 33 ግቦችን ሲያስቆጥር፣ በቀኝ መስመር ያለው ሂዩም 20 ጨመረ፤ ይህም ማለት ቡድኑ ካስቆጠራቸው 118 የሊግ ግቦች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከሁለቱ የመስመር ተጫዋቾች የተገኙ ናቸው ማለት ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በ2017-18 መላውን ዓለም ያስደነቀው የሊቨርፑሉ ሞሐመድ ሳላ ከቀኝ መስመር እየተነሣ በ36 ጨዋታዎች ያስቆጠረው 32 ነበር። የጨዋታዎቹ ብዛትም ሆነ የተከላካዮቹ ዝግጅት የተለያየ ስለሆነ ሁለቱን ማበላለጥ አይገባም፤ ይሁንና የባስቲን ቁጥር በየትኛውም ዘመን ሚዛን ቢቀመጥ የሚከብድ ነው።

ይህ ሁሉ ድል የተጫዋቾቹን ኪስ ብዙም አልነካውም። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ የሊጉ ክለቦች የተጫዋቾች ደመወዝ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ ተስማምተው ነበር፤ በባስቲን ዘመን ጣሪያው በውድድር ወራት በሳምንት 8 ፓውንድ፣ በክረምት ደግሞ 6 ፓውንድ ነበር። ከዚህ ጋር ክለቡ ካልፈቀደ በስተቀር ተጫዋቹ ውሉ ቢያልቅ እንኳ ወደ ሌላ የሊጉ ክለብ መሄድ ስለማይችል፣ በዌምብሊ ከአንድ መቶ ሺህ በሚጠጋ ሕዝብ ፊት የሚሰለፈው ሰው በደመወዙ ላይ የመደራደር ኃይል አልነበረውም። አሌክስ ጀምስ ገቢውን የደጎመው በለንደኑ የሰልፍሪጅስ መደብር የስፖርት ዕቃ አስተዋዋቂ ሆኖ በመቀጠር ነበር፤ ጣሪያው እስኪነሣ ድረስ ግን እስከ 1961 መጠበቅ ግድ ሆኗል። የክለቦችን ትርፍ በተጫዋቾች ላብ ላይ ያቆመው ይህ ሥርዓት በእንግሊዝ እግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ከሚነሡት በደሎች አንዱ ሆኖ መቆጠር አለበት።

ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ባስቲን 21 ጊዜ ተሰልፎ 12 ግቦችን አስቆጥሯል። በኖቬምበር 1934 ቡድኑ በሃይበሪ የዓለም ዋንጫ ባለቤት የነበረችውን ኢጣሊያን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ ከተሰለፉት ሰባት የአርሰናል ተጫዋቾች አንዱ ነበር፤ በሜይ 1938 በበርሊን የኦሊምፒክ ስታዲየም ጀርመንን 6 ለ 3 ሲያሸንፍም ግብ አስቆጥሯል። ያ ቀን ግን ከውጤቱ ይልቅ የሚታወሰው የእንግሊዝ ተጫዋቾች በባለሥልጣናት ትእዛዝ ከጨዋታው በፊት የናዚን ሰላምታ እንዲሰጡ በመደረጋቸው ነው።

በዚህ ጊዜ የባስቲን የመስማት ችሎታ እየደከመ መጥቶ ነበር። ቻፕማን በጃንዋሪ 1934 በድንገት ከሞተ በኋላ ቡድኑን የተረከበው ጆርጅ አሊሰን ባስቲንን ለጊዜው ወደ ቀኝ አማካይነት አውርዶት የነበረ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ወደ ግራ መስመር ተመልሶ ለ1938ቱ ዋንጫ አስተዋጽኦ አድርጓል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ሲጀመር ሊጉ ተቋረጠ፤ ባስቲን በጆሮው ምክንያት ከውትድርና ነጻ ስለሆነ በሃይበሪ የአየር ጥቃት መከላከያ ጠባቂ ሆኖ ሠራ። በ1941 የፋሺስት ኢጣሊያ ሬዲዮ ባስቲን በቀርጤስ ደሴት ጦርነት ተማረከ ሲል አወጀ፤ ወታደር ሆኖ የማያውቀው ሰው በዚያ ጊዜ ለንደን ነበር።

ጦርነቱ የወሰደበት ከ27 እስከ 33 ዓመት ያለውን ዕድሜውን ነው። በ1946 ሊጉ ሲመለስ ጥቂት ጨዋታዎችን ብቻ አድርጎ በጃንዋሪ 1947 ጫማውን ሰቀለ፤ ከዚያም ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ መጠጥ ቤት እያስተዳደረ ኖሮ በ1991 ዐረፈ። የኤክሰተር ሲቲ ስታዲየም አንዱ የተመልካቾች መቀመጫ ክፍልም በስሙ ተሰይሞ ነበር። የ178 ግቦች ክብረ ወሰኑን ኢያን ራይት በ1997፣ የ150 የሊግ ግቦች ክብረ ወሰኑን ደግሞ ቲየሪ ሄንሪ በ2006 ሰብረውታል፤ ሁለቱም ለክለቡ በዋናነት የተሰለፉት በመሐል አጥቂነት ስለሆነ፣ በአርሰናል የምንጊዜም ግብ አስቆጣሪዎች ዝርዝር ሦስተኛ የሆነው ባስቲን ከመስመር ተጫዋቾች መካከል እስካሁን የሚቀድመው አልተገኘም።