የአይሮፕላን ምልክት ለታሪክ ተማሪ የሚሰጠው ጥቅም

ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው በሳንቲም፥ በቴምብርና በባንዲራ ላይም ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከእነዚህም የሚያንሰውን፥ የአይሮፕላን ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች በክንፍና በጅራት ላይ የሚለጥፉትን ዲካል የተባለውን ምልክት ነው።

ዲካል ማለት ሙጫ በተቀባ ወረቀት ላይ የታተመ ስስ ሥዕል ነው። ወረቀቱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሲቈይ ሙጫው ይለቅና ሥዕሉ ተንሸራቶ በሞዴሉ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም የቀረው ውሃ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ይደርቃል። ሥራው ትዕግሥትን ይፈልጋል፤ ይልቁንም ዕውቀትን ይፈልጋል። ምልክቱ ከአይሮፕላኑ ዘመን ጋራ ካልተስማማ ሞዴሉ ሐሰት ይናገራልና።

ለምሳሌ የሚሆነን ሲ 54 ስካይማስተር የተባለው ባለ አራት ሞተር የአሜሪካ ዕቃ ጫኝ አይሮፕላን ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 35.8 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ለ72 ተካፍሎ በሚሠራው ሞዴል ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአሜሪካ ምልክት በሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለ ነጭ ኮከብ ነው። ቀድሞ በኮከቡ መካከል ቀይ ክብ ነበረበት፤ ከጃፓን ቀይ ፀሐይ ጋራ ተመሳስሎ ወገን ወገኑን እንዳይመታ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1942 ተወገደ። በ1943 በግራና በቀኝ ነጭ አግዳሚ ተጨመረ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1947 መጀመሪያ በነጩ አግዳሚ መካከል ቀጭን ቀይ መስመር ገባ። በሞዴል ላይ ይህች መስመር እንደ ክር የቀጠነች ናት፤ ሆኖም ሁለት ዘመን ትለያለች።

በሰኔ ወር 1948 ሶቪየት ኅብረት ወደ ምዕራብ በርሊን የሚወስደውን የምድርና የውሃ መንገድ ዘጋች። ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያለ ምግብና ያለ ከሰል የሚቀር ሆነ። አሜሪካና እንግሊዝ በአየር ለመመገብ ቈረጡ። ሲ 47 የተባለው አሮጌው አይሮፕላን የሚጭነው 3 ቶን ተኩል ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሲ 54 ግን 10 ቶን ያህል ይችል ስለ ነበር አሜሪካኖች ሥራውን በዚሁ አደረጉት። እስከ መስከረም 1949 ድረስ ከ277,000 በሚበልጥ በረራ ከ2.3 ሚሊዮን ቶን በላይ ዕቃ ገባ፤ የሚበዛውም ከሰል ነበር። በዚህ ሥራ 39 እንግሊዞችና 31 አሜሪካውያን ሕይወታቸውን አጥተዋል። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ወደ ምድር ቤት ይሸሽ የነበረው የበርሊን ሕዝብ፥ አሁን ድምፁ እንዳይቋረጥ ይመኝ ጀመር።

እንግዲህ የበርሊኑን አይሮፕላን ሠርቶ ቀይዋን መስመር የተወ ሰው፥ ዱቄት ያመጣውን አይሮፕላን ወደ ጦርነቱ ዘመን መለሰው ማለት ነው። እንደዚሁም የጅራቱ ቍጥር ይነበባል፤ የመጀመሪያው አኃዝ አይሮፕላኑ የታዘዘበት የበጀት ዓመት መጨረሻ አኃዝ ነው። በ4 የሚጀምር ሲ 54 የ1944፥ በ5 የሚጀምር የ1945 ትእዛዝ ነው።

ስለዚህ ሞዴል የሚሠራ ተማሪ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት ይህ አይሮፕላን የት ነበረ? በስንት ዓመተ ምሕረት? ምን ጭኖ? ብሎ ይጠይቅ። ይህን ጠይቆ የሠራው ሞዴል መጫወቻ ብቻ አይሆንም፤ ለታሪክም ምስክር ይሆናል።