በር መዝጋት ነውር ነውን?

ሰው በክርክር ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚሟገተው ለእውነት ሳይሆን ለወደደው ነገር ነው። የወደደው ሲያሸንፍ «ፍርድ ተገኘ» ይላል፤ የወደደው ሲሸነፍ ግን አሸናፊውን ሌባ፥ ዳኛውን ጉቦኛ ያደርገዋል። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔው ራሴ በእግር ኳስ ምክንያት አንድ ሽማግሌ አስቀይሜአለሁና ወጣቶች ከስሕተቴ ይማሩበት ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸውም ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የአውሮፓ አገሮች ዋንጫ ውድድር በፖርቱጋል ይካሄድ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ፤ ማታ ማታም ከሰፈራችን ሻይ ቤት ተሰብስበን ጨዋታውን በቴሌቪዥን እንመለከት ነበር። ወራቱ ክረምት ስለ ነበረ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ እኛም ድምፃችንን ከዝናቡ በላይ ከፍ አድርገን እንከራከራለን።

የክርክራችን ምክንያት የግሪክ ቡድን ነበር። ግሪኮች ብዙ ሰው ወደ ኋላ አስቀርተው ይከላከላሉ፤ አንድ ጎል ካገቡ በኋላ በሩን ዘግተው ይጠብቃሉ። አንዱ «ኳስን ገደሏት!» ይላል፤ ሌላው «ዋንጫ የሚሰጠው ለቁንጅና ነው ወይስ ለጎል?» ብሎ ይመልሳል። እኔ ከከሳሾቹ ወገን ነበርሁ። ጁላይ 4 ቀን በሊዝበን ከተማ በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ግሪክ ፖርቱጋልን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን በወሰደች ጊዜ፥ እኔ የራሴ ንብረት የተዘረፈ ያህል ተናደድሁ።

ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት የሚገኘውን መጋዘን ሌሊት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በጨዋታ ቀን በሻይ ቤቱ ደጃፍ ቆመው፥ አንድ ዓይናቸውን በቴሌቪዥኑ፥ አንድ ዓይናቸውን በመጋዘኑ በር ላይ አድርገው ይመለከቱ ነበር። በዚያች ሌሊት ጩኸታችንን ሰምተው «ልጆቼ፥ ምን ያናድዳችኋል? ጉልበት የሌለው ሰው ቤቱን ዘግቶ ቢያድር ነውሩ ምንድን ነው?» አሉ። ሰዎች ሳቁ። እኔም በእኔ የተሳቀብኝ መስሎኝ «እርስዎ ዘበኛ ስለ ሆኑ ከበር መዝጋት በቀር ምን ያውቃሉ?» አልኋቸው። ሳቁ ተቋረጠ። ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይመልሱ ካፖርታቸውን ሰብስበው ወደ በራቸው ሄዱ። ከዚያም ቀን ወዲህ ወደ ሻይ ቤቱ ደጃፍ አልመጡም።

እኔ ግን ማዘን ሲገባኝ፥ ትክክል መሆኔን ለማስረዳት ብዬ የእግር ኳስን ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ። ያነበብሁትም ነገር ለእኔ አልመሰከረልኝም።

በመጀመሪያ የተረዳሁት፥ አጥብቆ መከላከል ዐቅሙን የሚያውቅ ሰው ብልሃት መሆኑን ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት ካርል ራፓን የሚባል ኦስትሪያዊ አሠልጣኝ በስዊስ አገር ይሠራ ነበር። ተጫዋቾቹ ኳስን ብቸኛ መተዳደሪያቸው ካደረጉ ሰዎች ጋር በጉልበት ሊተካከሉ እንደማይችሉ ስላወቀ፥ ከተከላካዮቹ ኋላ አንድ ተጨማሪ ጠባቂ አቆመ። ይህም አሰላለፍ «መቀርቀሪያ» ተባለ። በ1938 ዓ.ም. በፈረንሳይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ የስዊስ ቡድን ከጀርመን ጋር 1 ለ 1 ከተለያየ በኋላ፥ በድጋሚው ጨዋታ 2 ለ 0 ሲመራ ከቆየበት ተነሥቶ 4 ለ 2 አሸነፈ።

ጣሊያኖችም ይህን ብልሃት «ካቴናቾ» ብለው አደረጁት፤ ትርጕሙ ያው መቀርቀሪያ ማለት ነው። የሚላኑ ኢንተር ቡድን በኤሌንዮ ኤሬራ አሠልጣኝነት በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. የአውሮፓ ክለቦችን ዋንጫ ወሰደ። ይሁን እንጂ በ1967 ዓ.ም. በዚያችው በሊዝበን ኢንተር በፍጹም ቅጣት ምት ቀድሞ ጎል ካገባ በኋላ በሩን ዘጋ፤ የስኮትላንዱ ሴልቲክ ግን ደጋግሞ እያጠቃ 2 ለ 1 አሸነፈው። እንግዲህ ዘግቶ የሚያሸንፍ እንዳለ ሁሉ፥ ዘግቶ የሚሸነፍም አለ።

ጓደኞቼም ፈጽሞ አልተሳሳቱም ነበር። በ1990 ዓ.ም. በጣሊያን የተደረገው የዓለም ዋንጫ ጎል ያነሰበት ስለ ሆነ ብዙዎች አጕረመረሙ። በ1992 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ፥ የቡድን ጓደኛው ዐውቆ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛው በእጁ እንዳይዝ ተከለከለ። ሕጉ የከለከለው ግን ጊዜ መግደልን ነው እንጂ መከላከልን አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ የግሪኮቹ የራሳቸው ታሪክ ነው። በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው፥ አንድ ጎል እንኳ ሳያገቡ 10 ጎል ገብቶባቸው ተመልሰዋል። በ2001 ዓ.ም. ኦቶ ሬሃግል የሚባል ጀርመናዊ አሠልጣኝ ተሾመላቸው። ለ2004ቱ ውድድር በተደረገው ማጣሪያ መጀመሪያ በእስፓኝ፥ ቀጥሎም በዩክሬን 2 ለ 0 ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ግን የቀሩትን ስድስት ጨዋታዎች አንድም ጎል ሳይገባባቸው በተከታታይ አሸነፉ።

ፖርቱጋልም በደረሱ ጊዜ የሠሩት ሥራ የሰነፍ ሥራ አልነበረም። እያንዳንዱ ተከላካይ አንድ አጥቂ ይከተላል፤ ደላስ የተባለው ቁመተ ረጅም ደግሞ ከኋላ ሆኖ ጓደኞቹ የሳቱትን ይደርሳል። አንዱ ለአንድ ደቂቃ ቢዘናጋ የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል። በእነዚያ በሦስቱ የመጨረሻ ጨዋታዎች ዋንጫውን ይዛ የነበረችውን ፈረንሳይን፥ እስከዚያ ድረስ ያደረገቻቸውን አራት ጨዋታዎች ሁሉ ያሸነፈችውን ቼክን፥ በመጨረሻም ባለቤቲቱን ፖርቱጋልን እያንዳንዳቸውን 1 ለ 0 አሸነፉ። ሦስቱም ጎሎች በራስ የተመቱ ነበሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በዓይን የታየበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው።

ድሉ ግን ለዘላለም አልቆየም። በሁለት ወሩ በሴፕቴምበር 2004 ዓ.ም. በአልባኒያ 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ ለ2006ቱ የዓለም ዋንጫም ሳያልፉ ቀሩ። በ2008 ዓ.ም. የአውሮፓ ዋንጫ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፉ። መቀርቀሪያ ያለ ንቁ ጠባቂ እንጨት ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ሽማግሌው በአንዲት ዐረፍተ ነገር የተናገሩት እኔ በብዙ ገጽ የደረስሁበት ነገር መሆኑን ዐወቅሁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ወደ መጋዘኑ በሄድሁ ጊዜ በበሩ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። «ወደ አገራቸው ገብተዋል» አለኝ። አገራቸው የት እንደ ሆነ ግን አያውቅም ነበር። ለካ ስድቤን እንጂ ስማቸውን እንኳ አልያዝሁም ኖሯል።

ወጣቶች ሆይ፥ «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ይላል አባት፤ ዐቅሙን ዐውቆ በሥርዓት የሚታገለውን ፈሪ አትበሉት። ቁንጅናን መውደድ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሌላውን ድካም ለማየት ዓይናችሁን አትጨፍኑ። በክርክር ላይ ቃል ሲያጥራችሁ የሰውን ሥራና ድኽነት መሣሪያ አታድርጉ። ካደረጋችሁም ትክክል መሆናችሁን በመጽሐፍ ለማረጋገጥ ስትደክሙ ቀን እንዳይመሽባችሁ፥ በማግሥቱ ማልዳችሁ ወደ ሰውየው ደጅ ሂዱ።