ከመርከብ መሪ እስከ ልጆቻችን መኪና፦ የትንሿ ሰርቮ ታሪክ

ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ አንድ ወዳጄ ሱቅ ጥግ ላይ የተከመሩ የሪሞት መኪናዎች አሉ። ዓይነታቸው የተለያየ ነው፤ ችግራቸው ግን አንድ ነው። ሞተራቸው ይሠራል፣ ባትሪያቸው ይሞላል፣ የፊት ጎማቸው ግን ወደ አንድ ወገን ዞሮ ቀርቷል። ደንበኞች «ገንዘቤን መልስልኝ» እያሉ ያመጧቸው ናቸው። ወዳጄ በኪሳራ መዝግቧቸዋል። እኔ ግን ቶሎ ተስፋ ቆረጠ ባይ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መሪውን የምታዞረው ሰርቮ ናት። እሷ ለምን እንደረከሰች፣ ደግሞ ለምን አንዷ ለሌላው መኪና እንደማትገጥም የሚነግረን ታሪኳ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ከአሻንጉሊት ሳይሆን ከመርከብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መርከቦች በእንፋሎት እየተነዱ ሲገዝፉ፣ መሪያቸውን በክንድ ማዞር አስቸጋሪ ሆነ። ፋርኮ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ «ሰርቮ ሞተር» የሚለውን ስም አስተዋወቀ፤ ታዛዥ ሞተር እንደማለት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሞተሩ ዝም ብሎ አይሽከረከርም። «እዚህ ድረስ ዙር» ሲባል ይዞራል፣ የደረሰበትን ቦታ ከታዘዘው ጋር ያመሳክራል፣ ሲገጥም ይቆማል።

በ1898 ኒኮላ ቴስላ ኒው ዮርክ ላይ ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ እየመራ ለሕዝብ አሳየ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሬዲዮ መጫወቻ መሪ አንድም ሙሉ ግራ፣ አንድም ሙሉ ቀኝ ነበር፤ መሃል የለውም። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሞዴል አውሮፕላን አፍቃሪዎች ይህን ለወጡት። ሬዲዮው በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ገደማ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። ምቱ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ ጎማው ቀጥ ይላል፤ ወደ 1 ሲያጥር በአንዱ ወገን፣ ወደ 2 ሲረዝም በሌላው ወገን ይዞራል። ዛሬ መርካቶም ሆነ ናይሮቢ የምትገዟት ባለ ሦስት ሽቦ ሰርቮ የምትሠራው በዚሁ ቋንቋ ነው።

ቀጥሎ ጃፓን መጣች። ታሚያ በ1976 የመጀመሪያውን የሬዲዮ መኪናውን፣ ፖርሽ 934ን፣ ለገበያ አወጣ። ፉታባ፣ ሳንዋና ኬኦ የመሳሰሉት ሬዲዮና ሰርቮ አቀረቡ። ምቱ ተቀራራቢ ሆነ፤ አካሉ ላይ ግን ሁሉም በየራሱ ሄደ። ሰርቮዋ አናት ላይ ክንዱ የሚሰካበት ዘንግ ጥርስ አለው፦ የፉታባ 25፣ የሳንዋና የኬኦ 23፣ የኮሪያው ሃይቴክ 24። «ሰርቮው አልገጥም አለኝ» ብሎ የሚመለስ ደንበኛ የተጣላው ብዙ ጊዜ ከዚህ የቆየ ልዩነት ጋር ነው። ስለዚህ ስትገዙ የጥርሱን ቁጥር ጠይቁ፤ ወይም ክንዱን አብራችሁ ግዙ።

ዋጋውን የሰበረችው ቻይና ናት። ሼንዘን በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ከሆነች ወዲህ ሞተሩም፣ ማርሹም፣ ቦርዱም በአንድ አካባቢ መመረት ጀመረ። ኤስጂ90 የምትባለው ሰማያዊ ሰርቮ 9 ግራም ብቻ ትመዝናለች። ከዚያ በ2005 ጣሊያን ውስጥ አርዱዊኖ የተባለው የተማሪዎች የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ተጀመረ፤ ይህችው ሰርቮ የዓለም ተማሪዎች መለማመጃ ሆነች። በጅምላ አንዷ ከ2 ዶላር በታች ትገኛለች። ለእኛ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፦ ሰርቮ ፍለጋ አሻንጉሊት ሱቅ አትሂዱ። ለተማሪዎች የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡትን ጠይቁ፤ ናይሮቢ ከሆናችሁ ሉቱሊ ጎዳና ጀምሩ።

ነገር ግን ርካሽነቱ አንድ ወጥመድም አምጥቷል። ብዙ ርካሽ መኪናዎች ላይ ወጪ ለመቀነስ ሲባል የሰርቮዋን «አእምሮ» አውጥተው ዋናው ቦርድ ላይ አድርገውታል። እንዲህ ያለችው ሰርቮ አምስት ሽቦ አላት፦ ሁለቱ የሞተሩ፣ ሦስቱ ቦታውን የሚለካው ክፍል። ባለ ሦስት ሽቦዋን በእሷ ቦታ ብትሰኩ አትሠራም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ሽቦ ቁጠሩ። አምስት ከሆነ የዚያኑ ሞዴል መለዋወጫ ፈልጉ፤ ወይም የተበላው የፕላስቲክ ማርሽ ብቻ ከሆነ ከሌላ ከሞተ መኪና አውጥታችሁ ቀይሩ። ሦስት ከሆነ ገበያው ሰፊ ነው።

ለትናንሽ መኪና የኤስጂ90 መጠን ይበቃል፤ ልጁ ግድግዳ እያጋጨ የሚነዳ ከሆነ ኤምጂ90ኤስን የመሰለ የብረት ማርሽ ያለው ይሻላል። ለትልልቆቹ 55 ግራም የሚመዝነው ኤምጂ996አር አለ። አብዛኞቹ ርካሽ ሰርቮዎች የተሠሩት ከ4.8 እስከ 6 ቮልት ላለው ኃይል ነው፤ 7.4 ቮልት ባትሪ ላይ በቀጥታ ቢሰኩ ሊቃጠሉ ይችላሉ። የሽቦውንም ቀለም አስተውሉ፦ ቡናማ ወይም ጥቁር ኔጋቲቭ፣ ቀይ ፖዘቲቭ፣ ብርቱካናማ ወይም ነጭ የትእዛዝ ነው። ተለጣፊውን አትመኑ፤ ቅጂው ብዙ ነው። በብዛት ከማዘዛችሁ በፊት ጥቂት ገዝታችሁ እያንዳንዷን ሞክሩ።

ባለፈው እሁድ ከወዳጄ ጋር ሦስት መኪና ከፈትን። ሁለቱ ባለ ሦስት ሽቦ ሆነው ተገኙ፤ በአዲስ ሰርቮ ያንኑ ቀን ቀጥ ብለው ሄዱ። ሦስተኛው ባለ አምስት ነው፤ ማርሽ እየጠበቀ ነው። ወዳጄ ደብተሩን ገልጦ ኪሳራ ካለው ላይ ሁለቱን ሰረዘ።

እንግዲህ ከጓንዡም ሆነ ከዱባይ መኪና የምታስመጡ ወገኖች፣ ከዋጋው በፊት «ሰርቮው ስንት ሽቦ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለ ሦስት ከሆነ ትርፍ ሰርቮም ጨምሩበት። መቶዋ ትናንሽ ሰርቮ አንድ ኪሎ አትሞላም፤ የሚመለስባችሁን ደንበኛ ግን ታስቀርላችኋለች።