ጥቁሩን ማን መረጠው? የአንዲት ጥንዚዛ ታሪክ

ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ያላትን ትንሽ ክብ ጥንዚዛ መቼም ሳታዩ አትቀሩም። እንግሊዞች ሌዲበርድ ይሏታል። ክሽክሽ እየበላች ሰብል ስለምታተርፍ የገበሬ ወዳጅ ናት። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ምግቧ ሳይሆን ስለ ጋብቻዋ ነው።

አዳሊያ ባይፐንክታታ የተባለችው ባለሁለት ነጥብ ጥንዚዛ በአውሮፓ በብዛት ትገኛለች። የዝርያው አባላት ሁሉ ግን አንድ መልክ የላቸውም። አንዳንዶቹ ቀይ ሆነው ጥቁር ነጥብ፣ ሌሎቹ ጥቁር ሆነው ቀይ ነጥብ አላቸው። መልኩ ከወላጅ የሚወረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሉሲስ የተባለ የላትቪያ ተመራማሪ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ሲጣመሩ ከሚገኙት ጥንዚዛዎች መካከል የጥቁሮቹ ቁጥር ከድርሻቸው በላይ ነበር።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ዳርዊን በ1871 የአንዳንድ ወንድ እንስሳት ውበት የመጣው ሴቶቹ ስለሚመርጡት ነው ብሎ ነበር። ዋላስ አልተቀበለውም። በ1930 ደግሞ ፊሸር የሴቷ ምርጫ ራሱ የሚወረስ ከሆነ፣ ምርጫውና የወንዱ መልክ እየተጎታተቱ አብረው ያድጋሉ አለ። ሐሳቡ ያምራል፤ ግን ምርጫ በእርግጥ ይወረሳል ወይ?

ኦዶናልድ፣ ማጄረስና ባልደረባቸው ዊር ይህንኑ ለማየት ተነሱ። እንግሊዝ ውስጥ ኪል ከተባለ ቦታ የመጡ ጥንዚዛዎችን ወስደው፣ ከጥቁር ወንድ ጋር የተጣመሩትን ሴቶች ለይተው አራቡ። ከትውልድ ወደ ትውልድ ለጥቁር ወንድ ያለው ምርጫ ጨመረ። ውጤቱ በ1982 «ኔቸር» ላይ ወጣ። በ1986 ደግሞ ምርጫውን የሚወስነው አንድ ጂን ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥናት ተከተለ። የዳርዊን ሐሳብ ምስክር ያገኘ መሰለ።

ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም። በ1990 ማስረጃው እንደገና ተመረመረ፤ በ1992 የወጣው ተጨማሪ ሙከራም ያንን ምርጫ ሊያገኘው አልቻለም። ልብ በሉ፤ ከሁለቱም ጽሑፎች ደራሲዎች አንዱ ራሱ ኦዶናልድ ነበር! ራሱ በተሳተፈበት ግኝት ላይ ጥያቄ ካነሱት አንዱ እሱው ነው።

ይህ ማለት ሴቶቹ አይመርጡም ማለት አይደለም። ያልፈለገችውን ወንድ ሮጣ ወይም በእግሯ ገፍታ የምታባርር ሴት ጥንዚዛ አለች። ነገር ግን የተጣመሩትን መቁጠር ብቻውን ማን እንደመረጠ አይነግረንም። ለምሳሌ ጥቁር ጀርባ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይሞቃል። የሞቀ ወንድ ቀድሞ ይነቃል፤ ቀድሞ የነቃም ቀድሞ ሴት ያገኛል። ታዲያ ምርጫው የሴቷ ነው ወይስ የፀሐይዋ? ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

እንግዲህ «ሳይንስ አረጋገጠ» የሚል ወሬ ስትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ያው ውጤት ሌላ ስፍራ በሌላ እጅ ተደግሟል? ሌላ ምክንያትስ ሊኖረው ይችላል? ኦዶናልድ የራሱን ሥራ እንዲህ መጠየቁ ክብሩን አልቀነሰበትም። ባይጠይቅ ኖሮ እኛም እስከ ዛሬ በልበ ሙሉነት እንደጋግመው ነበር።